ፊደል አላነሰኝም

በኮሌጁ የአስተዳደር ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ጎን፣ በሩ ጠባብ የሆነ አንድ ክፍል አለ። በክፍሉ ውስጥ የቆመው የብረት መጭመቂያ ከበሩ ይሰፋል። ይህን ያስተዋለ አዲስ ሰው ሁሉ «ይኼ ነገር በየት ገባ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የክፍሉ ባለቤትም ለአርባ ዓመታት የሰጡት መልስ አንድ ነው፦

«እርሱ አልገባም። ግድግዳው ነው የመጣበት።»

መልሱ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። የሕንፃው መሠረት ገና በሚጣልበት ዘመን የኮሌጁ የመጀመሪያ ጠራዥ የነበሩት አጎታቸው መጭመቂያውን በጭነት መኪና አስመጥተው በሜዳው ላይ ተከሉት፤ ግንበኞቹም እንደ ቋጥኝ ቆጥረው ዙሪያውን ገነቡበት። ፎቁ በላዩ ተሠራ፤ ቢሮዎች ተከፈቱ፤ ሹማምንት መጡ፣ ሄዱ። መጭመቂያው ግን ከተተከለበት ጋት አልተነቃነቀም። የመጭመቂያው እህት ናቸው ቢባል የሚታመንላቸው የአሁኗ ጠራዥም እንዲሁ።

እትዬ ኮላ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ከጣታቸው የማይለቀው ማጣበቂያ ያንን ስም ከነጠቃቸው ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑት ባለቤታቸው እንኳ ሲያቆላምጧቸው «ኮላዬ» ነው የሚሏቸው።

ሥራቸው የተመራቂዎችን ጽሑፍ መጠረዝ ነው። ወረቀቱን አስተካክለው ይደረድራሉ፤ በወስፌ ይበሳሉ፤ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋሉ፤ ጀርባውን ኮላ ይቀባሉ። ከኮላው በላይ፣ ከሽፋኑ በታች፣ ማንም የማያየው አንድ ነገር አለ፤ የጀርባ ልባስ ይሉታል። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ነው፤ እርሱ ከሌለ ጥራዙ ዓመት ሳይሞላው ይጎብጣል። ለዚህ አዲስ ወረቀት የሚያባክን ጠራዥ ስለሌለ እትዬ ኮላ ከየቢሮው የተጣለውን ይሰበስባሉ። ቀኑ ያለፈ የስብሰባ ጥሪ፣ የተሰረዘ የፈተና መርሐ ግብር፣ ሰሚ ያጣ ማመልከቻ፣ ሁሉም በእርሳቸው መቀስ ተቆርጦ የአንድ ምሁር ድካም ጀርባ ይሆናል። «ቢሮ የጻፈው ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው» ይላሉ፤ «እኔ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ግን ይጠቅማል።»

የመጨረሻው ሥራ ወርቁ ነው። የናስ ፊደላትን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ፊታቸውን ገልብጠው በመያዣው ውስጥ ይደረድራሉ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያግሏቸዋል፤ ከዚያም ወርቃማውን ወረቀት በሽፋኑ ላይ ዘርግተው ይጫናሉ። አንድ ጊዜ የተጫነ ፊደል አይመለስም፤ ወርቁ ቢፋቅ እንኳ ጉድጓዱ ይቀራል። ስለዚህም ከዋናው ሽፋን በፊት በቁራጭ ሽፋን ላይ ይሞክራሉ። ሙከራውን «ቅምሻ» ይሉታል። ቅምሻ አይጣልም። ከጀርባው ቀኑና የባለ ጽሑፉ ስም በእርሳስ ተጽፎበት፣ በሽቦ ተሰክቶ፣ ከክፍሉ ጥግ ይንጠለጠላል። የአርባ ዓመት ቅምሻ በዚያ ጥግ አለ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር በነፋሱ ይንኳኳል።

እትዬ ኮላ ሰባተኛ ክፍልን አልጨረሱም። የአጎታቸው ዓይን ደክሞ የናስ ፊደል መለየት ሲያቅታቸው ወደ ወንድማቸው ዘንድ ሄደው «ዓይን የምትሆነኝ ልጅ ስጠኝ» ብለው ለመኑ፤ ወንድምየውም ከሰባት ልጆቻቸው መካከል የተጣለ ጋዜጣ ሁሉ እያነሣች የምታነበውን መርጠው ሰጧቸው። እንግዲህ እትዬ ኮላ እንግሊዝኛን የተማሩት ተገልብጦ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በናስ ላይ፣ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሕፈት። ኮላው እስኪደርቅ የሚጠብቁበትን ጊዜ ደግሞ በእጃቸው ያለውን ጽሑፍ በማንበብ ያሳልፉታል። በአርባ ዓመት ውስጥ እርሳቸው ያነበቧቸውን መግቢያዎች ያህል ያነበበ ፕሮፌሰር በዚያ ኮሌጅ አልተገኘም፤ መደምደሚያዎቹን ግን ብዙ አያውቋቸውም፤ ኮላው ቶሎ ይደርቃልና።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረቻቸው አንዲት ትንሽ ቃል ነበረች። እኛ «በ» የምትባል አንዲት ፊደል አለችን። በኮሌጅ፣ በክፍል፣ በከተማ፣ በእግር፣ በግድ፣ በውድ፤ አንዲቱ ቁልፍ የቤቱን ሁሉ በር ትከፍታለች። እንግሊዝኛ ግን ለየበሩ ለየብቻ ዘበኛ ያቆመ ቋንቋ ነው። አንዱ ዘበኛ «አት» ይባላል፣ አንዱ «ኢን»፣ አንዱ «ኦን»፤ የአንዱን በር የሌላውን ስም እየጠሩ ቢያንኳኩት አይከፈትም። እትዬ ኮላ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው በሽፋኖቹ ላይ ይህ ሲቀያየር እያዩ ግራ ይጋቡ ነበር። አንድ ቀን፣ የኮላውን ቆርቆሮ ገልብጠው እንደ ወንበር ይቀመጡበት የነበሩትን አረጋዊ የቋንቋ መምህር ጠየቋቸው።

«ልጄ» አሉ መምህሩ፣ «አጥር ዘሎ ወደዚህ ኮሌጅ የገባ ሌባ አለ እንበል። ሌባው የት ነው?»

«ኮሌጁ ውስጥ ነዋ።»

«እርሱ ኢን ነው። የምትናገሪው ስለ ግድግዳው ነው። ተማሪውስ የት ነው?»

«እርሱም ውስጥ ነው።»

«የለም፣ የለም። ተማሪው ዛሬ ታሞ ከቤቱ ቢተኛም የዚህ ኮሌጅ ተማሪ ነው። የምትናገሪው ስለ ትምህርቱ ነው እንጂ ስለ ጣሪያው አይደለም። እርሱ አት ነው። ኮሌጁን ከነስሙ ጠርተሽ ‹እዚያ ተማረ› ስትዪ አት በዪ። የትምህርት ክፍሉ ግን ኢን ይወዳል፤ ከተማውም ኢን ይወዳል።»

«ታዲያ ባለፈው ከውቅያኖስ ማዶ የመጡት እንግዳ ‹ልጄ ገና ኢን ስኩል ናት› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጃቸው ሌባ ናት?»

መምህሩ ከቆርቆሮው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ። «እነርሱ ‹ገና ተማሪ ናት› ማለታቸው ነው፤ ባገራቸው አልተሳሳቱም። ስሙ የተጠራ ኮሌጅ ግን ማዶም ሆነ ወዲህ አት ነው። ሌባና ተማሪ፤ ይህን ብቻ ያዢ።»

ያዙት። መምህሩ ጡረታ ወጡ፤ ቆርቆሮውም ዛገ፤ ሌባውና ተማሪው ግን በእትዬ ኮላ ራስ ውስጥ ተለያይተው ኖሩ።

ነገሩ የመጣው ከአዲሱ ሬጅስትራር ጋር ነው። ቢሮው ከጥረዛው ክፍል በላይ፣ በፎቁ ላይ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ እርሳስ እንኳ ተጋድሞ ማየት የማይወድ ወጣት ሹም ሲሆን፣ «ወጥነት» የሚለውን ቃል ሌላው ሰው እግዜር ይስጥልኝ በሚልበት ብዛት ይናገረው ነበር። በተሾመ በሦስተኛ ወሩ የሽፋን ጽሑፍ መመሪያ አወጣ። ረቂቁን በገዛ ቋንቋችን ነበር የጻፈው፤ በትምህርት ክፍሉ፣ በኮሌጁ፣ በከተማው። ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰውም ሦስቱን «በ» ሦስት «ኢን» አደረጋቸው። ወጥነት እንግዲህ ይኼ ነው።

እትዬ ኮላ መመሪያውን አነበቡ፤ ኮሌጁ ከሚለው በፊት ያለችውን ቃል በእርሳስ ከበቡና «ይህች አት መሆን አለባት፤ ይታረምልኝ» ብለው ጽፈው ወደ ላይ ላኩት። ወረቀቱ በማግስቱ ተመለሰ። ግርጌው ላይ በቀይ ቀለም ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «ጠራዥ ይጠርዝ።»

የውጭ ፈታኞች ሊመጡ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሃምሳ ሰባት የመመረቂያ ጽሑፎች ተሰፍተው፣ ጀርባቸው ደርቆ፣ ወርቅ ይጠባበቃሉ። እትዬ ኮላ ፊደላቱን ለቀሙ። ለትምህርት ክፍሉ ኢን፣ ለከተማው ኢን፣ ለኮሌጁ አት። ቅምሻውን ተጫኑ፤ በብርሃን አዩት፤ ወደዱት። ከዚያም ሃምሳ ሰባቱን ሽፋኖች በአራት ቀን ጨረሱ።

በአምስተኛው ቀን ሬጅስትራሩ አንዱን ጥራዝ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ወጥመድ ውስጥ የተገኘ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው፣ ወደ ክፍሉ ገባ።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጥራዝ ነው።»

«ጥራዝ መሆኑን አያለሁ! መመሪያው ምን ይላል?»

«ሦስት ጊዜ ኢን ይላል።»

«እዚህስ ላይ?»

«ሁለት ጊዜ ኢን፣ አንድ ጊዜ አት።»

«ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

ማመካኛ እሰማለሁ ብሎ የመጣው ሬጅስትራር ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ስንቱን ነው እንዲህ ያደረጉት?»

«ሃምሳ ሰባቱንም። ሃምሳ ሰባት ተማሪ አስተምራችሁ ሃምሳ ሰባት ሌባ አድርገሽ ላኪልን ነው የምትሉኝ? አላደርገውም።»

«ሌባ? ሌባ ያለ ማን ነው?»

«ለእርስዎ ቢነገር ረጅም ነው። እቀመጣለሁ ካሉ እነግርዎታለሁ፤ ያ ቆርቆሮ ባዶ ነው።»

አልተቀመጠም። በማግስቱ እትዬ ኮላ ወደ ዲኑ ቢሮ ተጠሩ። ዲኑ ነገር ማብረድ የሚወዱ፣ በትምህርታቸው የኬሚስትሪ ሰው ነበሩ፤ አስቀድመው የቋንቋ ትምህርት ክፍሉን ኃላፊ አስጠርተው ጠይቀው ነበር፤ ኃላፊውም የሬጅስትራሩን ፊት አይተው «ሁለቱም ያስኬዳል መሰለኝ» ብለው፣ ክፍል አለብኝ ሲሉ ወጡ። አሁን በጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ርዕሱ የታተመ፣ ሬጅስትራሩ ለክብረ በዓል ደብዳቤዎች የሚያስቀምጠው ዓይነት ነበር። ዲኑ አነበቡት፦

«እኔ ፊርማዬ ከዚህ በታች የሚገኘው የኮሌጁ ጠራዥ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዕውቀት ስለሚያንሰኝ የመመሪያውን ቃል በስሕተት የለወጥሁ መሆኔን አምናለሁ።»

«ይህን ከፈረሙ» አለ ሬጅስትራሩ፣ «በክፍሉ ይቀጥላሉ። ካልፈረሙ ክፍሉን ያስረክባሉ። እስከ ዓርብ።»

እትዬ ኮላ ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ጠራዥ ወረቀት ሲያይ አስቀድሞ የሚያደርገው ይኼንን ነው። «ጥሩ ወረቀት ነው» አሉ። «ውሸቱ ግን ከበደው።»

«እንግዲያው ሌላ መንገድ እንፈልግ» አሉ ዲኑ፣ በርኅራኄ። «እትዬ፣ ምናልባት የናስ ፊደል አንሶዎት ይሆናል። ‹ኤን› የምትባለው ፊደል እኮ በሦስት ኢን ላይ ሦስት ጊዜ ትፈለጋለች። አልቆብዎት፣ በግድ አት አደረጉት። ‹ፊደል ስላነሰኝ› ብለን እንጻፈው። ይህ ነውር የለበትም፤ የዕቃ ጉድለት ነው፤ ማንንም አይነካም።»

«እርስዎ ለእኔ አዝነው ነው፤ ገብቶኛል። ግን ፊደል አላነሰኝም።»

«እርስዎ ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«‹እያወቅሁ፣ ሳይፈቀድልኝ፣ ልክ ስላልነበረ ለወጥሁት› ብላችሁ ጻፉ። አሁኑኑ እፈርማለሁ። ሳይፈቀድልኝ የሚለውማ እውነት ነው፤ አልክድም።»

ሬጅስትራሩ ከወንበሩ ተነሣ። «ይህ ይቅርታ አይደለም! ይህ ክስ ነው!»

«እርስዎ የጻፉትም ይቅርታ አይደለም» አሉ እትዬ ኮላ። «በእኔ ስም የተጻፈ ስድብ ነው።»

ደብዳቤውን አጥፈው ይዘው ወጡ፤ እስከ ዓርብ ድረስ የእርሳቸው ነበርና።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው በረንዳው ላይ የተሰበረ ወንበር እግር ይጠግኑ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ መዶሻውን አስቀመጡ።

«ፈርሚና ተገላገዪ። ፊርማ ምን አላት? ጭረት ናት።»

«አንተ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተሃል። ‹መንዳት ስለማልችል ነው በቀኝ የሄድኩት› ብለህ ፈርም ቢሉህ ትፈርም ነበር? በቀኝ መሄድ ልክ ሆኖ ሳለ?»

«ለሰላም ብዬ…»

«ወይ ሰላም! መስተዋትህን የዳበሰችብህን ታክሲ ሦስት ፌርማታ አሳደህ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ረስተህ የተጣላህ አንተ ነህ ወይስ ወንድምህ?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «እርሱማ ጥፋተኛ ነበር።»

«ይኼውልህ።»

«ኮላዬ፣ እኔ የምፈራው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ነው። ያቺ ክፍል ከሄደች ወዴት ትሄጃለሽ? ሌላ ሙያ አታውቂም። ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ልትቀመጪ ነው።»

«እኔንም ያስፈራኝ እርሱ ነው» አሉ እትዬ ኮላ።

ሽማግሌው መዶሻውን መልሰው አንሥተው አንድ ሚስማር መቱ። ቀና ሳይሉም «አትፈርሚም አይደል?» አሉ።

«አልፈርምም።»

«በያ የዓርብ ልብስሽን አጥበሽ አስጪ። የሚጣላ ሰው ንጹሕ ሆኖ ነው የሚጣላ።»

ዓርብ ጠዋት እትዬ ኮላ ወደ ዲኑ ቢሮ ሲወጡ በእጃቸው አንድ ረጅም የሽፋን ቁራጭ ይዘው ነበር። በዲኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ከዳር እስከ ዳር፣ ሳይዛነፍ፣ በወርቅ የተጫነ አንድ ቃል ብቻ ነበረበት፤ ኢን፣ ኢን፣ ኢን፣ ኢን፤ ሃያ አራት ጊዜ። አንዱም አልደበዘዘም፤ አንዱም አልተንጋደደም።

«ይህ ቅምሻ ነው» አሉ። «ፊደል አንሷት ነው እንዳትሉ። ብትፈልጉ መቶም እጭናለሁ። አትን የጫንኩት ኢን ጠፍታኝ አይደለም።»

ዲኑ ቁራጩን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ቢጤ ታየች፤ ቶሎ አጠፏት። ሬጅስትራሩ ግን «እርስዎ» ማለቱን ረሳው።

«ለመሆኑ አንቺ የት ተምረሽ ነው የኮሌጅ መመሪያ የምታርሚው?»

እትዬ ኮላ ጥያቄውን የጠበቁት ይመስል አልቸኮሉም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እዚሁ» አሉ። «ከአንተ ቢሮ በታች። አንተ ሳትወለድ ጀምሬ። እናንተ የጻፋችሁትን ሁሉ እየሰፋሁ፣ ኮላው እስኪደርቅ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እየጠየቅሁ። ወረቀት አልሰጣችሁኝም፤ ወረቀት ግን የምጠርዝላችሁ እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ጻፊው ካልከኝም እጽፈዋለሁ፤ በአት ነው የምጽፈው። ውስጡ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም፤ ስለተማርኩበት ነው።»

የዲኑ ጸሐፊ በአጠገቡ ክፍል ጽሕፈቷን አቆመች።

«ደብዳቤውስ?» አሉ ዲኑ፣ ቀስ ብለው።

«እኔ ዘንድ አለ። አልፈርመውም።»

በዚያው ቀን ክፍሉን በዐሥር ቀን ውስጥ አስረክቢ የሚል ወረቀት ደረሳቸው። እትዬ ኮላ ወረቀቱን አንብበው በጀርባው መልስ ጻፉ፦ «ዝግጁ ነኝ። መጭመቂያው የአጎቴ ውርስ ስለሆነ ይዤው እወጣለሁ። በሩን አስፉልኝ።»

ሬጅስትራሩ ይህን ተራ ነገር ብሎ ግንበኛ አስጠራ። ግንበኛው ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ መጭመቂያውን ዞረው፤ በሩን በሜትር ለካ፤ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ሌላ ቦታ አንኳኳ። ከዚያም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

«ከዚህ በላይ ማን አለ?»

«የእኔ ቢሮ ነው» አለ ሬጅስትራሩ።

«አሃ።»

«አሃ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይህ ግድግዳ ተሸካሚ ነው፣ ጌታዬ። ከነኩት ላይኛው ወለል ይከተለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎ ይወጣሉ። ቀጥሎ ድጋፍ እናቆማለን። ቀጥሎ ግድግዳው ይፈርሳል። ቀጥሎ መጭመቂያው ይወጣል። እትዬ መጨረሻ ላይ ናቸው።»

«መጭመቂያውን ፈታትቶ ማውጣትስ?»

«አንድ ወጥ ብረት ነው፤ የሚፈታ ብሎን የለውም። በመጋዝ ይቆረጥ ካሉ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን መጭመቂያ አይባልም።»

«ለስንት ጊዜ ነው ቢሮዬን የምለቅቀው?»

«ሦስት ወር ካልፈጀ እድለኛ ነዎት።»

እትዬ ኮላ በዚህ ሁሉ መካከል ከወንበራቸው አልተነሡም ነበር፤ ክር ሰም እየቀቡ ነበር። «እኔ አልቸኩልም» አሉ። «እርሳቸው ዕቃቸውን ሲጭኑ እኔም እጭናለሁ።»

ጉዳዩ እስኪጠና ድረስ ባለበት ይቆይ ተባለ። በቢሮ ቋንቋ ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢዬ ያውቀዋል። የውጭ ፈታኞቹ መጡ፤ ሃምሳ ሰባቱን ጥራዞች ገለጡ፣ ጠየቁ፣ አሳለፉ፣ ጣሉ፤ ስለ ሽፋኑ ያነሣ አንድም አልነበረም። የትክክለኛ ነገር ዕጣ ይኼ ነው፤ ሳይታይ ያልፋል። መመሪያው አልተሻረም፤ እትዬ ኮላም አልታዘዙትም። ከዚያ በኋላ በመጣው ጥራዝ ሁሉ ላይ፣ ሳያስፈቅዱና ሳይደብቁ፣ ክፍሉን ኢን፣ ኮሌጁን አት አደረጉት። ያልተፈረመውን ደብዳቤ ደግሞ በሽቦው ላይ ከቅምሻዎቹ መካከል ሰቀሉት። ወደ ክፍሉ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ያነብበዋል፤ «እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ሲላቸውም «ተረፈ ወረቀት» ይሉታል።

ዓመት አለፈ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ኮሪደሩ ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ በሩ ተንኳኳ። ሬጅስትራሩ ነበር። በብብቱ ወፍራም የወረቀት እሽግ ይዟል። ለካስ ለሁለት ዓመት ያህል በሌላ ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ይማር ኖሯል፤ ጽሑፉ አልፎለት፣ በወርቅ የተጻፈ ደረቅ ሽፋን አልብሰህ አቅርብ ተብሏል። የናስ ፊደልና ያን የሚያህል መጭመቂያ ያለው ሌላ ጠራዥ በአቅራቢያው አልነበረም።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ቆርቆሮው ላይ ይቀመጡ።»

በዚህ ጊዜ ተቀመጠ። የሽፋኑን ጽሑፍ በተለየ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። እትዬ ኮላ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የትምህርት ክፍሉ ኢን፣ ከተማው ኢን ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ግን «ኢን» ተብሎ በማሽን የተጻፈው በአማካሪው እርሳስ ተሰርዞ፣ ከላዩ «አት» ተብሎበታል። እትዬ ኮላ እርሳሱን አዩ። ሬጅስትራሩም እርሳሱን ሲያዩ አየ። ጆሮው ቀላ።

«እንዴት ላድርገው?» አሉ እትዬ ኮላ።

«እንደ… እንደ ታረመው።»

«መመሪያዎስ? ወጥነቱስ?»

ወደ መሬት አየ። «እንደ ታረመው ይሁን፣ እትዬ።»

«ጥሩ። ሐሙስ ይምጡ።»

ሊወጣ ሲል ዓይኑ በሽቦው ላይ ዐረፈ። «ያ ደብዳቤ አሁንም አለ?»

«አለ። ፊርማ እየጠበቀ ነው። ወይስ ይቅር?»

«ይቅር። ይጣል።»

«እኔ ዘንድ ወረቀት አይጣልም።»

ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ሄደ።

እትዬ ኮላ ጽሑፉን እንደማንኛውም ጽሑፍ ጠረዙለት፤ ከሌላው አላሳነሱም፣ ከሌላውም አላስበለጡም። ደረደሩ፣ በወስፌ በሱ፣ ሰፉ፣ ኮላ ቀቡ። ኮላው እስኪደርቅም መግቢያውን አነበቡ፤ መጥፎ አልነበረም። ከዚያም ልባስ የሚሆን ወረቀት ፈለጉ። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ወደ ሽቦው ሄደው ያልተፈረመውን ደብዳቤ አወረዱ፤ በማስመሪያ ለክተው፣ በመቀስ ቆርጠው፣ «የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዕውቀት ስለሚያንሰኝ» የሚለው መስመር መሐል ላይ እንዲውል አድርገው፣ በኮላው ላይ ለጠፉት፤ ወረቀት በሚያጥፉበት የአጥንት ቁራጭ ከላይ እስከ ታች አሻሹት። ሽፋኑን አለበሱት። በላዩ ላይ ወርቁን ተጫኑ።

ሐሙስ ሬጅስትራሩ መጥቶ ጥራዙን ተቀበለ፤ በሁለት እጁ ያዘው፤ ገለጠው፤ ዘጋው። «እጅዎ ይባረክ» አለ። ውስጡ ያለውን አያውቅም፤ ሽፋኑን ካልቀደደው አያውቀውም። ምስጢሩን አርባ ዓመት ወደዚያ ክፍል የተመላለሱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ከእትዬ ኮላ ሰሙ፤ ለእኔም ነገሩኝ፤ አሁን ደግሞ እናንተ ሰማችሁ።

ጥራዙ በፎቁ ላይ፣ በንጹሑ ጠረጴዛ ትይዩ ባለው መደርደሪያ ላይ ቆሟል። በዙሪያው ያሉት መጻሕፍት በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይጎብጣሉ። እርሱ ግን ጀርባው ቀጥ ያለ ነው።